ዝቅተኛው ድምፅ እንዳይጠፋ
በቁይ ከተማ የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

ከፊት የተቀመጡ ካህናትንና የሰበካ ጉባኤ አባላትን አያለሁ። የዕድር ዳኞች አሉ፤ ከደባይ ጥላትግን ቀበሌዎች የመጡ መምህራን አሉ፤ ከኋላ ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች፣ ራዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ባለሙያዎችም አሉ። ሥራችሁ ልዩ ልዩ ነው፤ ነገር ግን ሁላችሁም በየሳምንቱ ከአንድ ዕቃ ጋር ትገናኛላችሁ። በደብሩ፣ በሠርጉ፣ በስብሰባው፣ በለቅሶው ድንኳን የድምፅ ማጉያውና ሞንታርቦው አይቀሩም።

የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ነው። ማጉያ ስንገዛም ስናስጠግንም “ምን ያህል ይጮኻል?” ብለን እንጠይቃለን። እኔ ዛሬ የማስረዳው፣ የማጉያ ጥራት ይበልጥ የሚታወቀው ዝቅ ያለውን ድምፅ ሲያሰማ መሆኑን ነው። እዚያ ላይ የሚታይ አንድ የታወቀ ጉድለት አለ፤ መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም። መጀመሪያ ጉድለቱን በጆሯችሁ እንድታስታውሱት አደርጋለሁ። ከዚያ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚቀነስ እነግራችኋለሁ። በኋላም ለእኛ ዜማና ለእኛ አየር ለምን የተለየ ነገር እንደሚሆን አነሣለሁ።

ከምታውቁት ልጀምር። የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ራዲዮ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማሰራጨት በጀመረበት ዘመን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትንሽ የትራንዚስተር ራዲዮ ዓለምን እያዳረሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ መብራት ባልደረሰበት አገር ሁሉ የሰው ጆሮ እሱ ነው። ታዲያ ድንጋዩ ሲደክም ራዲዮው ምን ይሆን እንደነበር አስታውሱ። ድምፁ መቀነሱን ሁሉም ያውቃል፤ ከመቀነሱ ጋር ግን ይሻክር ነበር። ከፍ ሲያደርጉት ቃሉ ይለያል፤ ሰው እንዳይረብሽ ዝቅ ሲያደርጉት ቃሉ እየተቆራረጠ፣ እየተንኮሻኮሸ ይመጣል። ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት የዚያ ጊዜ ብልሃት ነበር፤ ለጥቂት ሰዓት ይሻለዋል። ያን ሻካራ ድምፅ የሰማ ሰው ዛሬ የምናገርለትን ጉድለት ሰምቷል። የመሻገሪያ መዛባት ብዬ እጠራዋለሁ።

ከየት እንደሚመጣ እንይ። በማይክ ገብቶ በሽቦ የሚሄድ ድምፅ ከዜሮ በላይና ከዜሮ በታች እየተመላለሰ የሚወዛወዝ ኤሌክትሪክ ነው። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ይወዛወዛል፤ በእያንዳንዱ ውዝዋዜም ዜሮን ሁለት ጊዜ ይሻገራል። ስፒከሩን የሚገፋው የማጉያው የመጨረሻ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው በሁለት ትራንዚስተሮች ነው። አንዱ ከዜሮ በላይ ያለውን ግማሽ ይሠራል፤ ሌላው ከዜሮ በታች ያለውን። ባሕር ዛፍ በባለ ሁለት እጀታ መጋዝ ሲሰነጥቁ ያያችሁ ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። አንዱ ስቦ ከጨረሰ በኋላ ሌላው እጀታውን ለመጨበጥ ጥቂት ቢዘገይ መጋዙ በየምልሱ ይቆማል። በትራንዚስተሮቹ መካከልም የሚሆነው ይኸው ነው። ተራ በሚለዋወጡበት በዜሮ ላይ ሁለቱም የማይሠሩበት ጊዜ ይፈጠራል።

ይህ የሚሆነው ትራንዚስተር በባሕርይው ከተወሰነ ቮልቴጅ በታች ስለማይነቃ ነው። ከሲሊከን የተሠራው ለመንቃት ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ይፈልጋል፤ የቀድሞዎቹ ከጀርማኒየም የተሠሩት ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ይበቃቸው ነበር። ስለዚህ አምራቹ ሁለቱንም ትራንዚስተሮች ድምፅ ሳይመጣ አስቀድሞ በትንሽ ቮልቴጅ አንቅቶ ያቆያቸዋል። በድንጋይ ራዲዮው ውስጥ ይህ የማንቂያ ቮልቴጅ የሚመጣው ከዚያው ከድንጋዩ ነው። አራት ድንጋይ 6 ቮልት ይሰጣል እንበል፤ ማንቂያውም በሬዚስተር ብቻ ተከፋፍሎ 0.65 ቮልት ይሁን። ድንጋዩ ደክሞ 4 ቮልት ሲደርስ ማንቂያው ወደ 0.43 ቮልት ይወርዳል። ትራንዚስተሮቹ ያን ጊዜ ይተኛሉ፤ ራዲዮው ይሻክራል። በኋላ የመጡ የተሻሉ ራዲዮዎች በዚያ ቦታ ዳዮድ የሚያስገቡት ለዚህ ነው፤ ዳዮድ ድንጋዩ ቢደክምም ቮልቴጁን አጥብቆ ይይዛል።

አስተዋይ ተማሪ እዚህ ላይ “እንግዲያው ተራ የማይለዋወጥ አንድ ትራንዚስተር ለምን አይሠራውም?” ይላል። ይቻላል፤ ክላስ ኤ የሚባለው እሱ ነው፤ የመሻገሪያ መዛባት የለበትም። ነገር ግን ኃይል ይበላል። ከሚወስደው ኃይል ወደ ስፒከሩ የሚያደርሰው በንድፈ ሐሳብ እንኳ ቢበዛ 50 በመቶ ነው፤ በቀላሉ ሲሠራ ከ25 በመቶ አያልፍም። ተራ የሚለዋወጡት ሁለቱ፣ ክላስ ቢ የሚባሉት፣ እስከ 78.5 በመቶ ይደርሳሉ። ከሁሉ በላይ ልዩነቱ የሚታየው ማንም ሳይናገር ማጉያው ተከፍቶ ሲቆይ ነው። 5 ዋት የሚሰጥ ክላስ ኤ ማጉያ ዝም ባለበትም ሰዓት ያለማቋረጥ ቢያንስ 10 ዋት ይወስዳል። በሶላር የሚሞላ የ12 ቮልትና የ60 አምፒር ሰዓት ባትሪ በሒሳብ በሦስት ቀን ያልቅበታል። ሁለት ትራንዚስተሮችን በጥቂቱ ብቻ አንቅቶ በ50 ሚሊ አምፒር የሚያቆይ ማጉያ ግን ዝም ባለበት በዚያው ባትሪ 50 ቀን ይቆያል። መብራት በሚጠፋበትና ጄኔሬተር በነዳጅ በሚሠራበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን ይዘን መሻገሪያውን ማስተካከል ይገባናል።

ሳይስተካከል ሲቀር ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ይህን በቁጥር ላሳያችሁ፤ የንግግሬ ዋና ነገር እዚህ አለና። 8 ኦም ስፒከር የሚገፉ፣ ምንም ማንቂያ የሌላቸው ሁለት የሲሊከን ትራንዚስተሮችን አስቡ። ከ0.6 ቮልት በታች የሆነ ድምፅ ሁሉ አያልፍም። 0.6 ቮልት በ8 ኦም ላይ ከ22 ሚሊ ዋት ጋር እኩል ነው። “22 ሚሊ ዋት ምን ይሆናል?” ትሉ ይሆናል። በ1 ዋት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ተራ ስፒከር በ22 ሚሊ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት፣ ከ73 ዴሲቤል በላይ ያሰማል። ሰው ከሰው ጋር በቅርብ ሲነጋገር ድምፁ ወደ 60 ዴሲቤል ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ማጉያ ከተለመደው ንግግር የሚበልጠውን ድምፅ እንኳ ፈጽሞ ይውጠዋል ማለት ነው። በአንጻሩ 10 ዋት ሲሰጥ የድምፁ ጫፍ 12.6 ቮልት ይደርሳልና የጠፋው 0.6 ቮልት ከሃያ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም፤ ጆሮም በጩኸቱ ብዛት ብዙ አያስተውለውም።

ጉድለቱን አታላይ የሚያደርገው ይህ ነው። ብዙዎቹ የማጉያ በሽታዎች ድምፅ ሲጨምር ይብሳሉ። ከአቅም በላይ ሲጮኽ የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል፤ የተቀደደ ስፒከር በወፍራም ድምፅ ይንኳኳል። ይህኛው ግን ድምፅ ሲቀንስ ይብሳል። አንድ ሰው ማይክ ይዞ “ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት” እያለ ሲሞክር አይገኝም። ቀረርቶና ፉከራ ሲነሣበትም ማጉያው ደህና ይመስላል፤ ሽለላ ጉልበተኛ ድምፅ ስለሆነ ዜሮን በፍጥነት አልፎ ይሄዳል። ደግሞም በመሻገሪያው ላይ የሚፈጠረው ሹል ጉድፍ በዋናው ድምፅ ላይ ያልነበሩ ሦስት እጥፍ፣ አምስት እጥፍ፣ ሰባት እጥፍ የሚወዛወዙ ድምፆችን ይጨምራል። ላይኞቹ ከዋናው ዜማ ጋር ስለማይስማሙ ጆሮን ያደክማሉ። ቀኑን ሙሉ በማጉያ ስብከት ወይም ስብሰባ ሲሰማ ውሎ ራሱን የሚያመው ሰው አንዱ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልሻገር። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ተፈለሰፈ። በ1953 ጆርጅ ስክላይ የተባለ የአርሲኤ ኩባንያ መሐንዲስ አንዱ በአዎንታ ሌላው በአሉታ የሚነቁ ጥንድ ትራንዚስተሮች ያለ ትራንስፎርመር ተራ እየተለዋወጡ እንዲሠሩ የሚያስችለውን መንገድ አሳየ። በ1956 ደግሞ ኤች.ሲ. ሊን የተባለ መሐንዲስ ዛሬም ድረስ የብዙ ማጉያዎች መሠረት የሆነውን አሠራር አሳተመ። ሆኖም በ1960ዎቹ የመጡት የትራንዚስተር ማጉያዎች በአድማጭ ዘንድ ስማቸው ጥሩ አልነበረም፤ በቫልቭ የሚሠሩት አሮጌዎቹ ለጆሮ ይጥሙ ነበር። ለዚያ መጥፎ ስም ዋናው ምክንያት የመሻገሪያ መዛባት ነበር። ትራንዚስተሮቹ እንዳይቃጠሉ ተብሎ ማንቂያቸው በጣም ዝቅ ተደርጎ ነበርና።

የመጀመሪያው መድኃኒት ማንቂያውን በልኩ ማድረግ ነው። ክላስ ኤቢ የሚባለው ይህ ነው፤ ሁለቱም ትራንዚስተሮች ድምፅ በሌለበት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየሠሩ ይቆያሉ፤ ስለዚህ አንዱ ሳይለቅ ሌላው ይጨብጣል። ቀላሉ አሠራር በሁለቱ ትራንዚስተሮች መግቢያዎች መካከል ሁለት ዳዮዶችን ማስገባት ነው። የተሻለው በዳዮዶቹ ፋንታ አንድ ትንሽ ትራንዚስተርና ትሪመር የሚባል አንድ የሚስተካከል ሬዚስተር አድርጎ ቮልቴጁን በዊንጭት ማስተካከል ነው። ከእያንዳንዱ ትልቅ ትራንዚስተር ኤሚተር ከሚባለው እግሩ ጋር ደግሞ እንደ 0.22 ወይም 0.47 ኦም ያለ ትንሽ ሬዚስተር ይቀመጣል። ልኩ የት ነው ለሚለው ጥያቄ በርናርድ ኦሊቨር የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1971 በሂውሌት ፓካርድ መጽሔት ላይ መልስ ሰጥቷል፤ ድምፅ በሌለበት ጊዜ በእያንዳንዱ የኤሚተር ሬዚስተር ላይ 26 ሚሊ ቮልት ገደማ ሲገኝ መዛባቱ ከሁሉ ያነሰ ይሆናል። በ0.22 ኦም ሬዚስተር ይህ 118 ሚሊ አምፒር ማለት ነው። ከዚህ ቢያልፍ ይሻላል ብላችሁ እንዳታስቡ። ሁለቱም አብረው ረጅም ጊዜ ሲሠሩ በዚያ ሰዓት የመግፋት ኃይላቸው እጥፍ ይሆናል፤ ከዚያ ሲወጡ እንደገና ይቀንሳል፤ ይህም ራሱ ሌላ መዛባት ነው። ሙቀቱም ይጨምራል።

ሙቀትን ካነሣሁ አይቀር እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የእኛን አገር በቀጥታ ይነካልና። ትራንዚስተር በሞቀ ቁጥር ለመንቃት የሚፈልገው ቮልቴጅ በእያንዳንዱ ዲግሪ 2 ሚሊ ቮልት ገደማ ይቀንሳል። ሲቀዘቅዝ በዚያው መጠን ይጨምራል። በደጋው ሌሊት ማኅሌት ተቁሞ ንጋት ላይ ኪዳን ሲደርስ ያለውን ብርድ ታውቁታላችሁ። ማጉያው ቀን በ25 ዲግሪ ተስተካክሎ ንጋት ላይ በ8 ዲግሪ ቢከፈት ልዩነቱ 17 ዲግሪ ነው፤ በእያንዳንዱ ትራንዚስተር ላይ 34 ሚሊ ቮልት ማለት ነው። ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን የትራንዚስተር ፍሰት በየ60 ሚሊ ቮልቱ አሥር እጥፍ ስለሚለወጥ ማንቂያው ቋሚ ከሆነ የንጋቱ ፍሰት እስከ ቀኑ ሩብ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በየደብሩ ማጉያው በጣም የሚበላሸው ካህኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚያዜምበት፣ አገሩም ጸጥ ባለበት በዚያች ሰዓት ነው። በተቃራኒው ያው ዕቃ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ለሠርግ ቢከፈት ፍሰቱ ይጨምራል፤ ፍሰቱ ሲጨምር ይሞቃል፤ ሲሞቅ ፍሰቱ ይብስ ይጨምራል፤ መጨረሻው መቃጠል ነው።

ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው። ማንቂያውን የሚሰጠው ትንሽ ትራንዚስተር ወይም ዳዮድ ከትልልቆቹ ትራንዚስተሮች ጋር ሙቀትን ወደ አየር በሚያወጣው ብረት፣ በአንድ ሂትሲንክ ላይ፣ በሙቀት ቅባት ተጣብቆ መቀመጥ አለበት። እነሱ ሲሞቁ አብሮ ይሞቅና ማንቂያውን ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዙ አብሮ ይቀዘቅዝና ይጨምራል። ጠጋኝ ወንድሞቼ፣ ይህን ለእናንተ አጥብቄ እናገራለሁ። የተቃጠሉትን አውጥታችሁ አዲስ ስታስገቡ ያን ትንሽ ክፍል በአየር ላይ ተንጠልጥሎ አትተዉት። ከዚህ የከፋም አለ፤ አንዳንድ ጊዜ ማጉያው ደግሞ እንዳይቃጠል ተብሎ ማንቂያው በሽቦ ሾርት ይደረጋል። ባለቤቱ ዕቃው ፈጽሞ ስለማይሞቅ ጥገናው መልካም ነው ይላል። ፈጽሞ የማይሞቅ ክላስ ኤቢ ማጉያ ግን ዝቅተኛውን ድምፅ እየበላ ነው። በሂትሲንኩ ላይ እጅ የሚችለው ለዘብ ያለ ሙቀት የጤና ምልክት ነው። ሐሰተኛ ትራንዚስተርም በገበያ ብዙ ነው፤ በተለይ 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943 የሚባሉት ጥንዶች በብዛት በሐሰት ይሠራሉና ስትገዙ ተጠንቀቁ።

ሁለተኛው መድኃኒት ከመጀመሪያው ይረቅቃል፤ ታሪኩም ያስደስተኛል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1927 ሃሮልድ ብላክ የሚባል የ29 ዓመት መሐንዲስ በሃድሰን ወንዝ ላይ በጀልባ ወደ ሥራው ሲሄድ ለዓመታት ያሰበበት ጥያቄ ተፈታለት። ሥዕሉን በእጁ በያዘው የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገጽ ላይ ነደፈው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ከማጉያው ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱን መልሶ ከሚገባው ጋር ማመሳከር፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት ካለ ማጉያው ራሱ ወዲያው እንዲያርመው ማድረግ። የፈጠራ መብቱን በአሜሪካ ያገኘው ከዓመታት ጥበቃ በኋላ ነበር። ዛሬ ይህ መልሶ ማረሚያ የሌለው ማጉያ ማግኘት ይቸግራል። የመሻገሪያ መዛባትንም አሥር እጥፍ፣ መቶ እጥፍ ይቀንሳል።

ነገር ግን ሁሉን ነገር በማረሚያው ላይ መጣል ስሕተት ነው። ሁለቱ ትራንዚስተሮች ሁለቱም በተኙባት ቅጽበት የሚታረመው ድምፅ ወደ ስፒከሩ የሚያልፍበት በር የለም። ማረሚያው ያን ክፍተት ለመዝለል ከታች 0.6 ቮልት ወደ ላይ 0.6 ቮልት በፍጥነት መሮጥ አለበት፤ ሩጫውም ጊዜ ይወስዳል። ኤልኤም358 እና ኤልኤም324 የሚባሉት ርካሽ ቺፖች ለዚህ የታወቁ ናቸው። በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ከግማሽ ቮልት በላይ ስለማይሄዱ ክፍተቱን ለማለፍ ከ2 ማይክሮ ሰከንድ በላይ ይፈጅባቸዋል፤ በቀጭን ድምፅ ላይ ይህ ይሰማል። መድኃኒቱ በሳንቲም የሚቆጠር ነው። ከቺፑ መውጫ ወደ አሉታዊው የኃይል መስመር አንድ የጥቂት ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማስገባት ይበቃል፤ ያን ጊዜ ከውስጥ ካሉት ሁለት ትራንዚስተሮች አንዱ ሁልጊዜ ነቅቶ ይቆያል፤ ለትንሹ ድምፅ መሻገር ራሱ ይቀራል። የቴክኒክ ተማሪዎች ይህን በአንድ ከሰዓት ሠርታችሁ ልዩነቱን በኦሲሎስኮፕ ልታዩት ትችላላችሁ። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ አስቀድሞ ማንቂያው በልኩ ይሁን፤ ቀጥሎ ማረሚያው የቀረውን ያጽዳ።

ስለ ክላስ ዲ አንድ ቃል ብቻ ልበል። አሁን በብዛት የሚገቡት ቀላልና ትንንሽ ማጉያዎች ትራንዚስተሮቹን በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ እየከፈቱና እየዘጉ የሚሠሩ ናቸው። ለባትሪ በጣም ይስማማሉ። በእነሱም ዘንድ ሁለቱ በአንድነት እንዳይከፈቱ የሚተው አጭር ክፍተት አለ፤ ክፍተቱ ሲረዝም ተመሳሳይ መዛባት ያመጣል። ይህኛውን ግን በትሪመር ልንነካው አንችልም፤ አዳምጠን መምረጥ ብቻ ነው።

ለእኛ ዜማ ለምን የተለየ ነገር ነው? ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ በምዕራቡ፣ ዲማ ጊዮርጊስ በቅርባችን በቢቸና በኩል አለ። ባለቅኔው አንድ ጊዜ ተቀኝቶ ያልፋል፤ ያ ቅኔ ለነገ አይደገምም። ወርቁ ያለው አንዳንዴ በአንዲት ፊደል ነው፤ ሊቃውንቱም ጆሯቸውን ሰጥተው የሚጠብቁት ድምፁ ዝቅ ብሎ የሚያርፍባትን ያቺን ቦታ ነው። በትልቅ በዓል ቅኔው በማጉያ ሲተላለፍ ዝቅ ያለችዋ ቃል ከተዋጠች ቅኔው ራሱ ጠፍቷል። ማሲንቆም አንድ ጭራ ብቻ ያለው፣ በለሆሳስ የሚናገር መሣሪያ ነው፤ አዝማሪው ሲያንጎራጉር ግጥሙን የሚሸከመው ትንሹ ድምፅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ በገና ነው። በገና በአሥሩ አውታሮቹ ላይ እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ አለው፤ አውታሩ ሲመታ ያን የሚነዝር ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው። ያ ድምፅ የበገና ነፍስ ነው፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። እንግዲህ ማጉያው የራሱን መንኮሻኮሽ ሲጨምርበት አድማጭ ከእንዝራው የመጣ ነው ብሎ ያልፈዋል። ወጣቶች በገናን የሚያውቁት በስፒከር ብቻ ከሆነ የማጉያውን ጉድለት የበገናው ጠባይ አድርገው ይማሩታል። በገና ዝቅተኛ ድምፅ ያለው፣ በጾም ወራት በጸጥታ የሚደረደር መሣሪያ በመሆኑ መዛባቱ ከሁሉ በላይ የሚያገኘው እሱን ነው። አባቶች ለብዙ ዘመን ጠብቀው ያቆዩት ድምፅ በጥቂት ሚሊ ቮልት ጉድለት ሲበላሽ ዝም ብሎ ማየት አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ወደ ተግባሩ ልግባ። ጉድለቱን ለማወቅ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። በስልካችሁ ላይ ንጹሕ ድምፅ የሚያወጣ መተግበሪያ ጫኑና 400 ኸርዝ ላይ አድርጉት፤ ከማጉያው ጋር አገናኙት። በመካከለኛ ድምፅ ጀምራችሁ ጆሯችሁን ወደ ስፒከሩ አስጠግታችሁ ቀስ በቀስ ቀንሱት። ጤነኛ ማጉያ እስኪጠፋ ድረስ ያው ልስልስ ድምፅ ነው። የታመመው እየቀነሰ ሲሄድ ይሻክራል፤ ከዚያ ገና መሰማት የነበረበት ድምፅ በድንገት ድርግም ይላል። ድምፅ ሳይገባበትም የሚያንጎደጉድ ከሆነ ግን በሽታው ሌላ ነው፤ ያ የኃይል ማጣሪያው ካፓሲተር ወይም የመሬት መስመሩ ጉዳይ ነው።

ማስተካከሉ የባለሙያ ሥራ ነው። ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች መብራቱ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዘው ይቆያሉና ማንም ሳያውቅ ክዳኑን እንዳይከፍት አደራ እላለሁ። ባለሙያው መጀመሪያ ትሪመሩን ማንቂያው ከሁሉ ወደሚያንስበት ያዙረው፤ ስፒከሩን ይንቀል፤ ማይኩን ያውጣ፤ ከመብራቱ መስመር ጋር አንድ የቆየ ዓይነት የክር አምፖል በተከታታይ ያስገባ። አምፖሉ ደምቆ ከበራ ውስጡ ችግር አለ፤ ይዝጋው። ጥቂት በርቶ ከደበዘዘ በቴስተሩ የኤሚተር ሬዚስተሩን ግራና ቀኝ ይዞ ትሪመሩን በዝግታ ያዙር፤ የመጨረሻውን ልኬት ግን አምፖሉን አውጥቶ ይውሰድ። የፋብሪካው መመሪያ ካለ እሱን ይከተል፤ ብዙ ፋብሪካዎች ሙቀትን ፈርተው ከ26 ሚሊ ቮልት በታች ያዛሉ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከላይና ከታች 35 ቮልት ባለው ማጉያ 118 ሚሊ አምፒር ዝም ብሎ 8 ዋት ሙቀት ነው፤ ትንሽ ሂትሲንክ ላይችለው ይችላል። በ0.22 ኦም ላይ 10 ሚሊ ቮልት እንኳ ቢገኝ 45 ሚሊ አምፒር ነው፤ ምንም ማንቂያ ከሌለው ጋር ሲነጻጸር የሰማይና የምድር ያህል ይለያል። ሩብ ሰዓት ከሞቀ በኋላ ደግሞ ይለካ፤ እንደገና ያስተካክል። አዲስ ሠሪ ከሆናችሁ ትሪመሩን በትንሹ ትራንዚስተር ቤዝና ኤሚተር መካከል ባለው ክንድ ላይ አድርጉት። ትሪመር አቧራ ገብቶበት ወይም አርጅቶ አንድ ቀን ይላቀቃል፤ በዚህ ቦታ ቢላቀቅ ማንቂያው ይቀንሳል እንጂ ትልልቆቹ ትራንዚስተሮች አይቃጠሉም።

ውድ አድማጮቼ፣ ልጨርስ ነው። ጠጋኞች፣ ያስተካከላችሁትን ሚሊ ቮልትና ቀኑን በማጉያው ክዳን ውስጥ ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚከፍተው ሰው ከዚያ ይነሣል። መምህራን፣ በየትምህርት ቤቱ የተጣሉ ራዲዮዎችን ለተማሪ ስጧቸው፤ ፈትተው ይማሩባቸው። የሰበካ ጉባኤና የዕድር አባላት፣ ማጉያ ልትገዙ ወደ ደብረ ማርቆስም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ በደህና የተቀዳ በገና በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ መጀመሪያ በከፍተኛ ድምፅ ያሰማችኋል፤ ስሙለት። ከዚያ በሩን ዝጉ፤ ድምፁን ከሰው ንግግር በታች አውርዱና የበገናው አውታር አንድ በአንድ ይለይ እንደሆነ አዳምጡ። ካልተለየ ምንም ያህል ዋት ተጽፎበት ቢሆን አትግዙት።